«መስቀል ክብራ» ብዬ ብሰይማትስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ሴት ልጅ ወልጄ ገና አራስ ነኝ። የአያቴን ስም፣ መስቀል ክብራን፣ ላወጣላት አስቤ ነበር። ባለቤቴ «የድሮ ስም ነው፣ ትምህርት ቤት ይስቁባታል» ይላል። አማቴ ደግሞ «የቅድስት ስም ለሕፃን ይከብዳታል» አሉኝ። ለመሆኑ ስሙ «የመስቀል ክብር» ማለት ነው? ክርስትና ስትነሣስ ሌላ ስም ያስፈልጋታል?

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ እኅቴ!

ከትርጉሙ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚስተው እሱን ነው። «የመስቀል ክብር» ለማለት ግእዙ «ክብረ መስቀል» ይላል። የአያትሽ ስም ግን መጨረሻው «ራ» ነው፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያች ፊደል ላይ ነው። «ክብራ» ማለት በአማርኛችን «ክብሯ» ነው። ስለዚህ ስሙ ራሱን የቻለ ዐረፍተ ነገር ነው፦ መስቀል ክብሯ ነው። «ክርስቶስ ሠምራ» የሚለውም ለጆሮ ይመስለዋል፤ የዚያኛው «ራ» ግን ከግስ ጋር የመጣ ነው፣ «ክርስቶስ ወደዳት» እንደ ማለት።

አሁን ስሙን ቆም ብለሽ አስቢው። መስቀል ያኔ በሮማውያን ዘመን የወንበዴ መቅጫ ነበር፣ የሚታፈርበት ነገር። ቅዱስ ጳውሎስ ግን ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ ከጌታ መስቀል በቀር ሌላ ትምክህት ከእኔ ይራቅ አለ (ገላ. 6፥14)። አያትሽ ይህን በሁለት ቃል ተሸክመውት ኖረዋል። የአገራችን የሴት ስም ብዙውን ጊዜ ወርቅ ነሽ፣ ውብ ነሽ፣ አበባ ነሽ ይላል። ደስ ይላል፣ አልነቅፍም። ይኼኛው ግን ክብሯን ከመልኳም ከሀብቷም አንሥቶ ሌላ ቦታ ያስቀምጠዋል።

በዚህ ስም የምትታወቀው የቅዱስ ላሊበላ ባለቤት ናት። ንጉሡ ስመ መንግሥቱ «ገብረ መስቀል» ነበር፤ የመስቀል አገልጋይ ማለት ነው። እሱ የመስቀል አገልጋይ፣ እሷ መስቀል ክብሯ የሆነላት! ባልና ሚስት በስም እንኳ እንዲህ ሲገጥሙ ማየት እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል። ላሊበላ ከሄድሽ ቤተ አባ ሊባኖስን ሳታዪ አትመለሺ። ዙሪያውን ከዐለቱ ተፈልፍሎ ተለይቷል፣ ጣራው ግን ከላይ ካለው ዐለት ጋር እንደተያያዘ ነው። ንግሥቲቱ ለባሏ መታሰቢያ በመላእክት ረዳትነት በአንድ ሌሊት እንዳሠራችው አባቶች ይተርካሉ።

እንግዲህ ወደ አማትሽ ልምጣ። በአክብሮት ንገሪያቸው፦ የቅዱሳን ስም ልጅ ላይ አይከብድም። ስም እንደ ሸክም ቢከብድ ኖሮ «ወለተ ማርያም» ተብለው የተጠመቁት ሁሉ ምን ሊውጣቸው ነበር! ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በዘመኑ የነበሩ ወላጆችን የወቀሰበት ትምህርት አለ። ሰዎቹ ብዙ መብራት ያበሩና ለእያንዳንዱ ስም ይሰጡታል። ከዚያ ረጅም ጊዜ የበራውን መብራት ስም ለልጁ ያወጡለታል፤ ዕድሜው እንዲረዝም ብለው። እሱ ይህን ተዉ፣ የጻድቃንን ስም ስጡ አላቸው። የአባትና የአያት ስም ስለሆነ ብቻ መስጠትንም አልወደደላቸውም። ይህ አንቺንም ትንሽ ይነካሻል አይደል? ግን አንቺ ዕድለኛ ነሽ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ገጥመውልሻል። ብቻ ልጅቷ ስታድግ «የአያቴ ስም ነው» ብለሽ አታቁሚ፤ ስለ ንግሥቲቱም፣ ስለ መስቀሉም ንገሪያት።

ክርስትናን በተመለከተ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ ካህኑ የክርስትና ስም ያወጣላታል። ወለተ፣ አመተ ወይም እኅተ ብሎ ከዚያ የቅዱስ ስም ሊያስከትል ይችላል። ስትቆርብ፣ በጸሎት ስትታሰብ፣ በተክሊል ስታገባ የምትጠራው በዚያ ነው። መስቀል ክብራ የቤትና የትምህርት ቤት ስሟ ቢሆን ምንም ነውር የለበትም። የክርስትና ስሟም እሱ እንዲሆን ከፈለግሽ ለካህኑ ወይም ለንስሐ አባትሽ ቀደም ብለሽ ንገሪያቸው። በጥምቀቱ ሰዓት፣ ልጅቷ እያለቀሰች፣ ክርክር አትክፈቺ።

ባለቤትሽ የሚፈራው መሳቁን ነው። ልጆች በማንም ስም ይስቃሉ፤ በኔም ስቀዋል። ለቤት አጠር አድርጋችሁ «ክብሬ» በሏት። የልደት ምስክር ወረቀቷ ላይ ግን «መስቀልክብራ» ብላችሁ አንድ ላይ አጽፉት። ተነጣጥሎ ከተጻፈ አንዱ ቅጽ ላይ «መስቀል» የልጅቷ፣ «ክብራ» የአባቷ ስም ሆኖ ይወጣና ባለቤትሽ ያኔ በእውነት ይናደዳል።