ፋርማሲስቱ የልጄን መርፌ ለምን አስቀነሰው? ላልሽው እህት

አብሽሪ እህቴ። ጥያቄሽን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። የ1 ዓመት ከ4 ወር ልጅሽ በከባድ ሳንባ ምች ደሴ ሆስፒታል ተኝቷል። "ፋርማሲስት ነኝ" ያለ አንድ ወጣት መጣና እንደገና አስመዘነው። ካርዱ ላይ 11 ኪሎ የተባለው ልጅ 9 ኪሎ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ከዶክተሩ ጋር ተነጋገሩና ጄንታማይሲን የሚባለው የፀረ ባክቴሪያ መርፌ መጠን ተቀነሰ። አንቺም "ማንን ልመን? ወደ ኮምቦልቻ ስንመለስስ ምን ልጠንቀቅ?" ብለሻል። እዚሁ ደሴ የልጆች ክፍል ውስጥ ክሊኒካል ፋርማሲስት ሆኜ ስለሠራሁ የማውቀውን ልንገርሽ።

ሁለቱንም እመኛቸው። ወጣቱ ፋርማሲስት የሠራው ሥራውን ነው።

ፋርማሲስት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው መስኮት ኋላ ቆሞ መድኃኒት የሚያቀብል ሰው ነው። ክሊኒካል ፋርማሲስት ግን ውሎው ዋርድ፣ ማለትም ሕሙማን የሚተኙበት ክፍል ነው። ጠዋት ከሐኪሞቹ ጋር ራውንድ ይዞራል፤ ሕሙማኑን አልጋ ባልጋ ያያል። ካርዱን ያገላብጣል። መጠኑ ልክ ነው ወይ? ሰዓቱስ? ሁለቱ መድኃኒቶች አብረው ይሄዳሉ? የልጁ ኩላሊት እንዴት ነው? ያልገባው ነገር ካለ ሐኪሙን ይጠይቃል። ትእዛዙን የሚቀይረው ሐኪሙ ነው፤ እሱ በራሱ አይሰርዝም። አንቺ ያየሽው ጭቅጭቅ ሳይሆን የተለመደ የሥራ ንግግር ነው።

ልጅ ላይ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የበዛው ለምን መሰለሽ? አዋቂ ላይ መጠኑ ብዙ ጊዜ የታወቀ ነው፤ ሐኪሙ ከልምድ ይጽፈዋል። ልጅ ላይ ግን እያንዳንዱ ትእዛዝ ሒሳብ ነው። መጀመሪያ በኪሎ ይባዛል። ከዚያ ሚሊ ግራሙ ወደ ሲሲ ይቀየራል። ሁለቱም ቦታ ላይ እጅ ሊስት ይችላል።

ያንቺን ልጅ እንየው። ለከባድ ሳንባ ምች ጄንታማይሲን የሚሰላው በኪሎ 7.5 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንዴ ነው። በ11 ኪሎ 82.5 ይመጣል። በ9 ኪሎ ግን 67.5 ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግን መድኃኒቱ የሚወጣው በኩላሊት ነው። ከልክ አልፎ ሲጠራቀም ኩላሊትን ይጎዳል፣ ጆሮንም ይጎዳል። ስለዚህ ክብደቱን ደግሞ ማስመዘኑ ቁም ነገር ነው።

ክብደት ደግሞ በቀላሉ ይሳሳታል። ደሴ ብርድ ነው፤ ልጅ ከነጋቢው ሚዛን ላይ ይወጣል። ድንገተኛ ክፍል ጥድፊያ ሲሆን በግምት ይጻፋል። ወይ እናት ለክትባት የሄደች ቀን የተነገራትን ቁጥር ትናገራለች። ስለዚህ ልብሱን አውልቀሽ አስመዝኚው። ቁጥሩንም በቃልሽ ያዢው። መድኃኒት ሊሰጥ የመጣ ሁሉ ቢሰማው አይጎዳም።

ጨቅላ ላይ ነገሩ የባሰ ነው። ጄንታማይሲን በብዛት የሚመጣው 80 ሚሊ ግራም በ2 ሲሲ ሆኖ፣ በአዋቂ ልክ ነው። 3 ኪሎ የሚመዝን ጨቅላ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ሲታዘዝለት 15 ሚሊ ግራም ነው የሚያስፈልገው። ከአምፑሉ (መድኃኒቱ ካለበት ትንሽ ብልቃጥ) ከግማሽ ሲሲ በታች ማለት ነው፤ ወደ 0.4። ዜሮዋ ሳትጻፍ ".4" ከተባለና ነጥቧ ከደበዘዘች 4 ሲሲ ሆና ትነበባለች። ይህ ደግሞ ሁለት አምፑል ሙሉ ነው። ለጨቅላ ሁለተኛ አምፑል መክፈት ሲመጣ ማንኛዋም ሲስተር ትጠራጠራለች። ሌሊት ብቻዋን ዋርድ ሙሉ ልጅ ይዛ ስትሯሯጥ ግን በሷ ንቃት ላይ ብቻ መተማመን ግፍ ነው። ሁለተኛ ዓይን ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ነገሩ የኛ አገር ብቻ እንዳይመስልሽ። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት በሁለት ሆስፒታሎች ለልጆች የተጻፉ 10,778 የመድኃኒት ትእዛዞችን ፈትሾ 616 ስህተት አገኘ። አብዛኛው ጉዳት የሚያደርስ አልነበረም። ሊጎዱ ይችሉ ከነበሩት ውስጥ ግን 94 ከመቶ የሚሆኑትን ዋርድ ላይ የሚውል ክሊኒካል ፋርማሲስት ሊያስቀራቸው ይችል ነበር ብለው ገምጋሚዎቹ ሐኪሞች ፈርደዋል።

የኛን ድካምም ልንገርሽ። ብዙ ቦታ ፋርማሲስቱ ማታ ዋርድ ላይ የለም። ቅዳሜና እሁድም ላይኖር ይችላል። ያኔ "ይህ ምንድን ነው? ለምኑ ነው?" ብሎ መጠየቅ ያንቺ ድርሻ ይሆናል። አትፈሪ። የሚቆጣሽ ካለ ይቆጣ።

አንድ የማልወደው ነገር አለ፤ "ከውጭ ግዙ" የሚባለው። መድኃኒቱ ሆስፒታል ውስጥ ሲያልቅ አባት ወረቀቱን ይዞ ፒያሳ ለፒያሳ ይዞራል። ታዝዞ የነበረው 125 ሚሊ ግራም በ5 ሲሲ ሆኖ ሳለ 250 የሆነውን ያመጣል። ስሙ አንድ፣ ቀለሙ አንድ፣ ጉልበቱ እጥፍ። ስለዚህ ከውጭ የተገዛ ማንኛውንም ነገር ልጁ አፍ ከመግባቱ በፊት ለፋርማሲስቱ ወይም ለሲስተሯ አሳዪ።

አሁን ወደ ኮምቦልቻው ልምጣ። እዚያ ራውንድ የለም።

ፓራሲታሞል ላይ ብዙ እናት ትሳሳታለች። መጠኑ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው፤ ቢያንስ 4 ሰዓት እያራራቅሽ፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። 120 ሚሊ ግራም በ5 ሲሲ የሚለው ሽሮፕ ከሆነ ላንቺ ልጅ 5 ሲሲ ይበቃዋል። ጠብታው ግን ሌላ ነው፤ አንዱ ዓይነት በ1 ሲሲ ብቻ 100 ሚሊ ግራም አለው። እሱን 5 ሲሲ ብትሰጪው 500 ሚሊ ግራም ሰጠሽው ማለት ነው። የጉንፋን ሽሮፕም ውስጡ ፓራሲታሞል ሊኖረው ስለሚችል አብረሽ አትደርቢ። መለኪያሽ ደግሞ የቤት ማንኪያ አይሁን፤ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ትልቅ ነው። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ስጡኝ ብለሽ ውጪ።

አሞክሳሲሊን ዱቄቱን ከሰጡሽ መጀመሪያ ጠርሙሱን ነቅንቂው። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ እስከ ግማሽ ጨምረሽ እንደገና ነቅንቂ። አረፋው ሲቀመጥ እስከ ምልክቱ ሙዪው። ሁሌም ከመስጠትሽ በፊት ነቅንቂው፤ አለዚያ መጀመሪያ ውሃ፣ መጨረሻ ላይ ዝቃጭ ነው የምትሰጪው። የበጠበጥሽበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ ጻፊ። የሀረጎን ቁልቁለት ወርደሽ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ስለምትገቢ ፍሪጅ ከሌለሽ ሳትወጪ ተናገሪ። ክላቭላኔት ያለበት አሞክሳሲሊን ከተበጠበጠ በኋላ የግድ ፍሪጅ ይፈልጋል። ተራው አሞክሳሲሊን ከሆነ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ኪኒንም ስላለ እሱ ይሻልሽ ይሆናል።

ዳማከሴ አጠጥተሽው ከሆነም ንገሪያቸው። እኔ በበኩሌ እናት ሰጠች ብዬ ተቆጥቼ አላውቅም። ሲደበቅ ነው የሚከፋኝ።

መድኃኒቱን ከወሰደ በኋላ ሽፍታ ከወጣበት አቁሚና ጠርሙሱን ይዘሽ ቅርብ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ፊቱ ካበጠ ወይም ትንፋሹ ካጠረው ደግሞ በሩጫ። እዚያ ያለው ባለሙያ የመድኃኒት ጉዳት የሚመዘገብበትን ቢጫ ቅጽ ሞልቶ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እንዲልክ ጠይቂ። አንቺም ራስሽ በ8482 በነፃ ደውለሽ ማሳወቅ ትችያለሽ።