ስፕሬዩ አልሠራም ከማለት በፊት
የጤና ጥያቄና መልስ

ዝናቡ ሲያባራና ሣሩ ሲያብብ የማስነጠስና የአፍንጫ መደፈን ጥያቄዎች ይበዙብናል። ብዙዎቹ ደብዳቤዎች አደይ አበባን ይከሳሉ፤ ያለ ጥፋቷ ነው። የአደይ ብናኝ ከአበባ ወደ አበባ የሚሄደው በንብና በሌሎች ነፍሳት ነው። በነፋስ ተበትኖ አፍንጫ የሚገባው በአብዛኛው የሣር ብናኝ ነው።

ጥያቄ፦ ከመስከረም ጀምሮ ሌሊት አፍንጫዬ ይደፈናል፤ ጠዋት ማስነጠሱ አያቆምም። ሐኪም ፍሉቲካዞን የሚባል ስፕሬይ አዘዘልኝ። ሦስት ቀን ነፋሁት፤ ለውጥ የለውም። ድሮ ከፋርማሲ የምገዛው ጠብታ ግን ወዲያው ይከፍትልኝ ነበር። ወደ እሱ ልመለስ? (ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ)

አይመለሱ። ወዲያው የሚከፍቱት ጠብታዎች ብዙ ጊዜ ዛይሎሜታዞሊን ወይም ኦክሲሜታዞሊን ናቸው። የአፍንጫን የደም ሥሮች ስለሚያጠብቡ በደቂቃዎች ውስጥ አየር ያስገባሉ። ከ5 ቀን በላይ ሲዘወተሩ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የጠብታው ኃይል ባለቀ ቁጥር አፍንጫው ከበፊቱ ብሶ ያብጣል፣ ሰውም «ሳይነሴ ተነሣብኝ» ብሎ ይደግማል። አሁንም ጠብታውን እየጨመሩ ከሆነ ያቁሙት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ፤ ስፕሬዩን ሳያቋርጡ ይለፏቸው።

ፍሉቲካዞን ስቴሮይድ፣ ማለትም እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ነው፤ የሚያክመው እብጠቱን ራሱን ስለሆነ ጊዜ ይፈልጋል። ለአንዳንዱ ሰው በ12 ሰዓት ውስጥ ጥቂት ለውጥ ይታያል፤ ሙሉ ውጤቱ ግን እስከ 2 ሳምንት ይቆያል፣ ያውም በየቀኑ ከተነፋ። ሲብስ ብቻ እያነሡ መንፋት ገንዘብ ማባከን ነው። የተለመደው የአዋቂ መጠን፣ በአንድ ነፋታ 50 ማይክሮግራም ለሚሰጠው ፍሉቲካዞን፣ በቀን አንድ ጊዜ በእያንዳንዱ ቀዳዳ 2 ነፋታ ነው። ሕመሙ ከተገታ በኋላ ወደ 1 ይወርዳል።

ከመድኃኒቱ ይልቅ አነፋፉ የተበላሸባቸው ብዙ ናቸው፤ እባክዎ ይህንን ይመርምሩ። መጀመሪያ አፍንጫዎን ቀስ ብለው ይናፈጡ፤ ንፍጥ ላይ የተነፋ መድኃኒት ከንፍጡ ጋር ይወጣል። ጠርሙሱን ይወዝውዙ። አዲስ ከሆነ ወይም ከሳምንት በላይ ካልተነካ ስስ ጉም እስኪወጣ ድረስ ወደ አየር ይጫኑት፤ ስንት ጊዜ እንደሚጫን እንደ ስሪቱ ስለሚለያይ አብሮት ያለውን ወረቀት ይዩ። ከዚያ አንገትዎን ጥቂት ወደ ፊት ያዘንብሉ። ሰው በልማድ ወደ ኋላ ያንጋልላል፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል። ለግራ ቀዳዳ በቀኝ እጅ፣ ለቀኝ ቀዳዳ በግራ እጅ ይያዙት፤ እንዲህ ሲይዙት ጫፉ በራሱ ወደ ውጭ፣ ወደዚያው ወገን ጆሮ ያመለክታል። እየጫኑ አየር በዝግታ ይሳቡ። አጥብቀው አይማጉት፤ ጣዕሙ ጉሮሮዎ ላይ ከተሰማዎት ውጠውታል ማለት ነው። ጫፉን በንጹሕ ጨርቅ ጠርገው ይክደኑት።

ጥያቄ፦ የሩዝ ውቂያ ሲደርስ አቧራውና እብቁ አፍንጫዬን ይዘጋዋል። ስፕሬይ ጀመርኩ፤ አሁን ነስር መጣብኝ። ከመድኃኒቱ ነው? (ወረታ)

ሊሆን ይችላል። ጫፉ ወደ መሐል ግድግዳው ሲዞር መድኃኒቱ በየቀኑ አንድ ስስ ቦታ ይመታል፤ ቦታው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ይደማል። ለጥቂት ቀን ያቁሙትና ከላይ በተጻፈው አያያዝ እንደገና ይጀምሩ። ነስሩ ከቀጠለ፣ ቅርፊት ከያዘ ወይም ሲተነፍሱ አፍንጫዎ ካፏጨ የአንገት በላይ ሐኪም ግድግዳውን ይይልዎት፤ አልፎ አልፎ የሚበሳበት አጋጣሚ አለ። ነስር ሲመጣ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል 10 ደቂቃ ሳይለቁ ይጫኑ። ማንጋለል ደሙን ወደ ጉሮሮ ያወርደዋል እንጂ አያቆመውም።

ከአውድማ ሲመለሱ በጨው ውኃ መታጠብ ስፕሬዩን በጣም ያግዘዋል። በ1 ብርጭቆ (240 ሚሊ ሊትር ገደማ) ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ውኃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፤ የጣናም የቧንቧም ውኃ ሳይፈላ አፍንጫ ውስጥ አይገባም፣ በአፍንጫ በኩል አንጎል የሚደርስ አሜባ ሊኖርበት ይችላልና። ከታጠቡ በኋላ 10 ደቂቃ ያህል ቆይተው ይንፉ፤ አለበለዚያ መድኃኒቱ ከውኃው ጋር ይፈስሳል። በውቂያ ጊዜ ማስክ ያድርጉ፣ ነፋሱ ከጀርባዎ እንዲመጣ ሆነው ይቁሙ። ለሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ስፕሬዩን ውቂያው ከመጀመሩ 2 ሳምንት ቀድመው ይጀምሩ። የጤና አዳምና የዳማከሴ ጭማቂ ግን የተቆጣ አፍንጫ ውስጥ ባይገባ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የኤች አይ ቪ መድኃኒት እወስዳለሁ። ስፕሬዩ ያለ ማዘዣ ተሸጠልኝ። ችግር አለው? (ስሜና ሰፈሬ ይቅር፣ ባሕር ዳር)

ከመንፋትዎ በፊት የመድኃኒትዎን ስም ያረጋግጡ። ሪቶናቪር ያለበት ከሆነ (ለምሳሌ ከአታዛናቪር ወይም ከሎፒናቪር ጋር ተቀናጅቶ የሚሰጠው) ፍሉቲካዞንና ቡደሶናይድ አይሆኑዎትም። ሪቶናቪር ጉበት እነዚህን ስቴሮይዶች የሚሰብርበትን መንገድ ስለሚዘጋ ትንሿ ነፋታ ደም ውስጥ ትጠራቀማለች። ፊት ይነፋል፣ ሆድ ላይ ስብ ይከማቻል፣ የደም ስኳርና ግፊት ይጨምራል፣ ሰውነት የራሱን ስቴሮይድ ማምረት ያቆማል። ለሳምንታት ነፍተው ከሆነ በድንገት አይተዉት፤ ክትትል ለሚያደርግልዎት ሐኪም በአስቸኳይ ይንገሩ፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒትዎንም አያቋርጡ። ቤክሎሜታዞን በአብዛኛው የሚመረጠው አማራጭ ነው። በዶሉቴግራቪር ላይ ላሉ፣ ሪቶናቪር ካልተጨመረበት፣ ይህ ችግር የለም። ኬቶኮናዞልና ኢትራኮናዞል የሚባሉት የፈንገስ ክኒኖችም እንደ ሪቶናቪር ያደርጋሉ፤ ለፋርማሲስቱ ይንገሩት።

ጥያቄ፦ የ6 ዓመት ልጄ ታዞለታል። ስቴሮይድ ዕድገቱን አያቀጭጭበትም? (ዘንዘልማ)

ፍሉቲካዞን ከ4 ዓመት ጀምሮ ይሰጣል፤ የሚጀመረው በእያንዳንዱ ቀዳዳ 1 ነፋታ፣ በቀን አንድ ጊዜ ነው። በአንዳንድ ልጆች ላይ የቁመት ዕድገትን በጥቂቱ ሊያዘገይ ስለሚችል ወራት የሚወስድ ሕክምና ከሆነ ቁመቱ በየ6 ወሩ ይለካ፣ መጠኑም ወደ ዝቅተኛው ይውረድ። ለአስም የሚሳብ ስቴሮይድ ካለው ሁለቱ እንደሚደመሩ ለሐኪሙ ይንገሩ። የሚነፋለት አዋቂ ይሁን።

ጥያቄ፦ ግላኮማ ያለበት ሰው መጠቀም ይችላል? አንድ ጠርሙስስ ስንት ጊዜ ይበቃል? (ባሕር ዳር፣ ቀበሌ 14)

ግላኮማ ወይም የዓይን ሞራ ያለበት ሰው የዓይን ሐኪሙ ሳያውቅ አይጀምር፤ ከጀመረ የዓይን ግፊቱ ይለካ። ጠርሙሱ 120 ነፋታ ከያዘ በቀን 4 ሲነፋ 30 ቀን ይሄዳል። የጀመሩበትን ቀን በእስክሪብቶ ይጻፉበት፤ ቁጥሩ ካለቀ በኋላ ፈሳሽ ቢታይም የሚወጣው መጠን አይታመንም። ጫፉ ከተደፈነ በመርፌ አይውጉት፣ ቀዳዳው ሰፍቶ ልኩ ይጠፋል። ነቅለው ለብ ባለ ውኃ ያጥቡትና ያድርቁት። ባሕር ዳር ሙቀት ስላላት በቆመ ባጃጅም ሆነ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ አይተዉት። አንድ ጠርሙስ ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለባልና ሚስትም ቢሆን።