መጋቢነት እንጀራ ይወጣዋል ወይ? ለአንዲት የዊኪፒዲያ በጎ ፈቃደኛ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ "የ4ኛ ዓመት የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ላለፉት ሦስት ዓመታት አማርኛ ዊኪፒዲያ ላይ በነፃ እሠራለሁ። ጽሑፍ አርማለሁ፣ ገጽ የሚያበላሹትን እከታተላለሁ፣ ሰዎች ሲጣሉ አስታርቃለሁ። አሁን ደግሞ መጋቢ (አድሚን) ሁኚ እየተባልኩ ነው። አባቴ ግን 'ደመወዝ የሌለው ሥራ ምን ሥራ ይባላል? የፓኬጁን ብር እንኳን አልመለሰልሽም' ይለኛል። መጋቢነቱን ልቀበል? ሲቪዬ ላይስ ይጻፋል? እንጀራ ይወጣዋል ወይ? ለአባቴስ ምን ልበል? ስሜ ይቆይልኝ።"

ሰላም እህቴ፣

ከአባትሽ ልጀምር። ተሳስተዋል አልልሽም። ልጅ የሚያስተምር፣ ከደመወዙ ቀንሶ ፓኬጅ የሚሞላ ሰው "ይሄ ነገር የት ያደርስሻል?" ብሎ ቢጠይቅ መብቱ ነው። ችግሩ አንቺም መልሱን ገና በደንብ አላወቅሽውም። የላክሽልኝን ሲቪ አየሁት። መጨረሻው ላይ፣ "የትርፍ ጊዜ" ከሚለው ሥር፣ ከፊልምና ከእግር ጉዞ ቀጥሎ "ዊኪፒዲያ ኤዲቲንግ" ይላል። የሦስት ዓመት ሥራ በሁለት ቃል! አንቺ ራስሽ እንዲህ ካሳነስሽው አባትሽ በምን ያውቁት?

እስቲ ሥራውን አብረን እንየው። ዊኪፒዲያ እ.ኤ.አ. በ2001 ከተጀመረ ጀምሮ የሚጽፉትም፣ የሚያርሙትም፣ ሥርዓት የሚያስከብሩትም በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን የሚባለው ድርጅት ሰርቨሩን ያቆማል፣ ሶፍትዌሩን ይሠራል፣ የሕጉን ጉዳይ ይይዛል። የላሊበላ ገጽ ላይ ምን ይጻፍ የሚለውን ግን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ መጣጥፍ አለው። የኛው 15 ሺህ ገደማ ነው። እንግሊዝኛው ላይ ስህተት ሲገባ ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚያየው ሰው አይጠፋም። አማርኛው ላይ አንቺና ጥቂት ጓደኞችሽ ካላያችሁት ወር ሊቀመጥ ይችላል። እዚያ ላይ ተማሪ የቤት ሥራውን ይገለብጣል።

ጠባቂ ያጣ ትንሽ ዊኪፒዲያ ምን እንደሚደርስበት የታወቀ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 በስኮትላንድ ቋንቋ፣ በስኮትስ፣ የሚዘጋጀው ዊኪፒዲያ ጉድ ወጣ። ቋንቋውን የማይችል አንድ አሜሪካዊ ወጣት ለዓመታት ከ20 ሺህ በላይ ገጾች ጽፎበት ተገኘ። ልጁ ክፋት አልነበረውም። የጀመረው ገና በልጅነቱ ነው፣ የሚረዳ መስሎት ነው። ግን "ይሄ ቋንቋ አይደለም" ብሎ በጊዜ የሚያስቆመው ሰው አልነበረም። እኛም ከዚህ ሩቅ አይደለንም። ጎግል ትራንስሌት እ.ኤ.አ. በ2016 አማርኛን ከጨመረ ወዲህ ከእንግሊዝኛ ገልብጦ እንዳለ የሚለጥፍ ሞልቷል። አንቺ በደብዳቤሽ "ዝም ብዬ የማሽን ትርጉም አጸዳለሁ" ብለሽ ያለፍሽው ነገር አንድን ቋንቋ የመጠበቅ ሥራ ነው። "ዝም ብዬ" የሚለውን ቃል አውጪልኝ።

አሁን ወደ መጋቢነቱ። መጋቢ፣ ሁላችንም እንደምንለው አድሚን፣ ገጽ ይሰርዛል፣ ገጽ ይቆልፋል፣ ሰው ያግዳል። ሰው የሚያየው ይሄን ሥልጣን ነው። እኔ ግን ከመቀበልሽ በፊት የክሮኤሽያን ታሪክ እንድታውቂ እፈልጋለሁ። የክሮኤሽያኛው ዊኪፒዲያ ለአሥር ዓመት ያህል በጥቂት አድሚኖች እጅ ነበር። አንድ ዓይነት የፖለቲካ አመለካከት ነበራቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የነበረውን የፋሺስት አገዛዝ ወንጀል የሚያለሳልስ ጽሑፍ አስገቡ። የተቃወማቸውን አገዱ። የታገደው አቤት የሚለውም ለነሱው ነበር። ፋውንዴሽኑ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምገማ ነገሩን በዝርዝር አስቀምጦታል። ይሄን የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም። የንጉሥ ብሔር፣ የከተማ ስም፣ የወሰን ጉዳይ በየቀኑ በሚያጣላበት አገር ውስጥ ያለሽ ሰው ነሽ። ቁልፉ እጅሽ ሲገባ ትልቁ ፈተና ከሚሳደቡት አይመጣም። ትልቁ ፈተና አንቺ የምታምኚበትን ሐሳብ የሚጽፉት ሰዎች ደንብ ሲጥሱ ነው። ያን ቀን እነሱንም እንደ ሌላው ታግጃቸዋለሽ? አዎ ካልሽ ተቀበይ። ካመነታሽ እስኪጠራልሽ ቆዪ፣ ነውር የለበትም።

የጊዜ ጉዳይም አለ። ዘንድሮ የመውጫ ፈተና ከፊትሽ ነው። እሱን ሳታልፊ ዲግሪ የለም። ደግነቱ ትናንሽ ዊኪፒዲያዎች ላይ መጋቢነት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በጊዜ ገደብ ነው። ማኅበረሰቡ ለጥቂት ቀናት ይወያያል፣ ከዚያ ስቲዋርድ የሚባሉት የሁሉም ዊኪዎች ኃላፊዎች ለተወሰኑ ወራት ይሰጣሉ፣ ሲያልቅ ይታደሳል። ስለዚህ አሁን "ከፈተና በኋላ እቀበላለሁ" ብትዪ የሚዘጋ በር የለም። እስከዚያ ግን አንድ ነገር አድርጊ። ሌላ ሁለት ሰው አሠልጥኚ። መብራት ሲጠፋ፣ ስትታመሚ፣ ሥራ ስትይዢ ነገሩ ሁሉ የሚቆም ከሆነ አንቺ ማኅበረሰብ አልገነባሽም፣ ሸክም ነው የተሸከምሽው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ድረስ የታገደ ሰው ስድብ ስታነቢ ማደርሽን ጽፈሽልኛል። ያን ከዛሬ ጀምሮ አቁሚ። ስድቡ ጠዋትም እዚያው ይጠብቅሻል።

እንጀራውን በተመለከተ። አንድ ጊዜ በአንድ ድርጅት የቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። የሚፈለገው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ የሚያስተዳድር ሰው ነው። አንድ ልጅ "የ40 ሺህ ሰው ግሩፕ አድሚን ነኝ" ብሎ ገባ። ሰብሳቢዋ "ሰው ስታግድ በምን መስፈርት ነው?" ብላ ጠየቀችው። "ካበዛው አስወጣዋለሁ" አለ። "ማብዛት ምንድነው?" አለችው። መልስ አልነበረውም። ልጁ ጎበዝ ነበር፣ እስካሁን ያሳዝነኛል። ማንም አልነገረውም ነበር፤ ቀጣሪ የሚፈልገው የአባል ቁጥሩን ሳይሆን ውሳኔውንና ምክንያቱን ነው።

አንቺ ያለሽ ሀብት እሱ ነው። የአንድ ከተማ ገጽ ላይ ሁለት ሰዎች ለሁለት ሳምንት አንዱ የጻፈውን ሌላው እየመለሰ ሲጣሉ ምን እንዳደረግሽ ጽፈሽልኛል። ሁለቱንም ውይይት ገጽ ላይ ጠራሻቸው። "ማን ትክክል ነው" አላልሽም፣ "ምንጫችሁን አምጡ" አልሽ። አንዱ የታተመ መጽሐፍ አመጣ፣ ሌላው የፌስቡክ ጽሑፍ። በመጨረሻ ሁለቱም ስሞች ከነምንጫቸው ገቡ። እህቴ፣ ይሄ ባንክ ውስጥ የደንበኛ ቅሬታ ከሚፈታ ሰው ሥራ በምን ያንሳል? ከጋዜጣ አርታዒስ? ከእርዳታ ድርጅት የኮሚዩኒኬሽን ባለሙያስ?

ስለዚህ ሲቪው ላይ "የትርፍ ጊዜ" ከሚለው አውጪውና "የሥራ ልምድ" ውስጥ አስገቢው። "በጎ ፈቃደኛ" የሚለውን በግልጽ ጻፊ። ደመወዝ እንደነበረው አታስመስዪ፣ ሲጣራ ያሳፍራል። እንዲህ ልትዪው ትችያለሽ፦ "በጎ ፈቃደኛ አርታዒ፣ አማርኛ ዊኪፒዲያ። አዳዲስ ለውጦችን በየሳምንቱ መከታተልና ማጣራት። በአርታዒዎች መካከል የተነሱ አለመግባባቶችን በጽሑፍ ውይይት መፍታት። የቅጂ መብት የጣሱ ጽሑፎችን መለየት። የገጽ መለጠፊያዎችንና (ቴምፕሌቶችንና) መደቦችን (ካቴጎሪዎችን) ማደራጀት።" ሁሉም እውነት ነው። ሁሉንም ሠርተሽዋል። 1,800 አርትዖት አለኝ ማለቱን ግን ተይው። ቁጥሩን የሚያውቀው ዊኪፒዲያ ላይ የሠራ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም በቁጥር አይደነቅም።

እዚህ ላይ አንድ በጣም የማስብበት ነገር አለ። ዊኪፒዲያ ላይ የምትሠሪው ሁሉ ይመዘገባል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የነካሽው ኮማ ሳይቀር ገጹ ታሪክ ውስጥ አለ፣ ማንም ያየዋል። ለሥራ ማስረጃ ይሄን የመሰለ የለም። ግን የብዕር ስም ነው የምትጠቀሚው። በዚያ ስም በጣም ስስ የሆኑ የፖለቲካና የብሔር ገጾች ላይም ሠርተሻል። የብዕር ስሙን ሲቪ ላይ ከጻፍሽው፣ ሲቪው ደግሞ አሥር ቢሮ ከዞረ፣ ትክክለኛ ስምሽና ያ ሁሉ ታሪክ ተገናኙ ማለት ነው። መልሶ መለየት አይቻልም። አንድ ገጽ ላይ ያረምሽው ሰው ነገ የት እንደሚቀመጥ አታውቂም። ምክሬ ይሄ ነው፦ የብዕር ስሙን አትጻፊ። ሥራውን ግለጪ። ቃለ መጠይቅ ላይ ማስረጃ ከጠየቁሽ ስስ ያልሆነ አንድ የውይይት ገጽ መርጠሽ የብዕር ስምሽን ሸፍነሽ አትመሽ ያዢ። ወይም ለሥራ ማሳያ የሚሆን በስምሽ የተከፈተ ሌላ አካውንት አሁኑኑ ጀምሪ፣ ሳይንስና መጻሕፍት ላይ ብቻ ሥሪበት። ሁለት አካውንት በራሱ ክልክል አይደለም። ክልክሉ አንድ ክርክር ውስጥ በሁለቱም ገብቶ ሁለት ሰው መምሰል ነው። መጋቢ ስትሆኚ ይሄን ከማንም በላይ ልትጠነቀቂበት ይገባል።

የት ልታመለክቺ? የተማርሽው ኢንፎርሜሽን ሳይንስ ስለሆነ መጀመሪያ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ ወደ መዛግብትና ወደ ዩኒቨርሲቲ የዲጂታል ክምችት ነው። የዊኪፒዲያ እህት የሆነውን የመረጃ ቋት፣ ዊኪዳታን፣ ልመጂው፣ በመጠይቅ ቋንቋ መረጃ ማውጣትን ተለማመጂ። እሱ እጅሽ ላይ ካለ ከሌላው ተመራቂ ትለያለሽ። ከዚያ የዜና ድርጅቶች መረጃ ማጣራት ክፍል፣ የባንክና የቴሌኮም የደንበኞች ገጽ፣ የትርጉምና የቋንቋ ሥራ።

ኮንተንት ሞዴሬተር፣ ማለትም ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚለጠፈውን እያየ ደንብ የጣሰውን የሚያወጣ ሰው፣ የሚል ማስታወቂያም ታያለሽ፣ አማርኛ ተናጋሪ የሚፈልግ። ደመወዙ ዓይን ይስባል። ከመሄድሽ በፊት አስቢበት። ናይሮቢ ውስጥ ለፌስቡክ በተዘዋዋሪ የሚሠሩ ሞዴሬተሮች፣ አማርኛ የሚችሉም ነበሩባቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 አሠሪዎቻቸውን ፍርድ ቤት ከሰዋል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2020 በሥራው ምክንያት አእምሯቸው ለተጎዳ ሞዴሬተሮች 52 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ሥራው ቀኑን ሙሉ ግድያና ጥቃት ማየት ሊሆን ይችላል። ዊኪፒዲያ ላይ የለመድሽው ስድብ ከዚህ ጋር አይወዳደርም። አትግቢ አልልሽም። ከገባሽ ግን በቀን ስንት ሰዓት እንደምታዪ፣ የሥነ ልቦና ድጋፍ እንዳለ፣ ውሉ ምን እንደሚልሽ በጽሑፍ ጠይቂ።

አንድ ሌላ ፈተና ይመጣብሻል፣ ምናልባትም መጥቷል። "የድርጅታችንን ገጽ ጻፊልን፣ እንከፍላለን" የሚል። የዘፋኝ ማናጀር፣ ነጋዴ፣ አንዳንዴ የራስሽ ዘመድ። የዊኪሚዲያ የአጠቃቀም ደንብ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚከፈለው ሰው ማን እንደከፈለው በግልጽ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ደብቆ መጻፍ ያሳግዳል። እኔ ግን ከዚያም አልፌ፣ መጋቢ ከሆንሽ በምንም መልኩ አትንኪው እልሻለሁ። ሦስት ዓመት የገነባሽው እምነት ለአንድ ሺህ ወይም ለአሥር ሺህ ብር አይሸጥም። ብሩ ካስፈለገሽ ለድርጅቱ የራሱን ድረ ገጽ ጽሑፍ ጻፊለት፣ እሱ ንጹሕ ሥራ ነው።

ለአባትሽ ምን ልበል ብለሽ ጠይቀሻል። ክርክሩን ተይው። አንድ ቅዳሜ ስልክሽን ይዘሽ አጠገባቸው ተቀመጪ። የተወለዱበትን ወረዳ ገጽ ክፈቺላቸው፣ ከሌለም እንደሌለ አሳዪያቸው። ስለ ቦታው የሚያውቁትን ጠይቂ። ከዚያ "ይሄን የጻፈ መጽሐፍ የት ይገኛል?" በያቸው። አባትሽ አስተማሪ ነበሩ ብለሻል። ምንጭ ፈልጎ ማግኘት ምን ያህል ልፋት እንደሆነ ያውቁታል።

ሲቪውን ካስተካከልሽ በኋላ ሦስት ታሪክ በግማሽ ገጽ በግማሽ ገጽ ጻፊልኝ፦ አንድ የፈታሽው ጠብ፣ አንድ ተሳስተሽ የመለስሽው ውሳኔ፣ አንድ ያሠለጠንሽው ሰው። ሁለተኛውን አታስቀሪ፣ ቃለ መጠይቅ ላይ የሚጠየቀው እሱ ነው። ከመውጫ ፈተናው በፊት ከላክሽልኝ አብረን እናየዋለን።