ከሴራሚኩ ሥር ያለው ወለል የማን ኃላፊነት ነው?

ውድ ጠያቂያችን፣ በጅማ ቆጪ ለሚገኘው ቤትዎ ሴራሚኩን ራስዎ ገዝተው የማንጠፉን ሥራ ከአንድ ባለሙያ ጋር በካሬ ሜትር ሒሳብ በቃል እንደተዋዋሉ፣ ባለሙያው አሮጌውን ሊሾ በመሮ ሳይነካና አቧራውን እንኳ በወጉ ሳያጥብ በላዩ ላይ እንዳነጠፈ፣ ክረምቱ ሲገባም ሴራሚኩ መነሣት እንደጀመረ ገልጸውልናል። ባለሙያው «አፈሩ ነው፤ ወለሉን አዘጋጅ ደግሞ አልተባልኩም» ማለቱ መብቴን ያሳጣኛልን? ሲሉ ጠይቀዋል።

ውሉ በቃል መሆኑ አያሳስብዎ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1719 መሠረት ሕጉ የተለየ ፎርም ካላዘዘ በቀር ውል በቃል ይጸናል፤ በምስክርም ይረጋገጣል። ክፍያው በቀን ሳይሆን በካሬ መሆኑ ደግሞ ይጠቅምዎታል፤ ባለሙያው የቀን ሠራተኛ ሳይሆን፣ በአንቀጽ 2610 እንደተመለከተው፣ ውጤቱን በራሱ ኃላፊነት ሊያስረክብ የተስማማ ሥራ ተቋራጭ ነው ለማለት ያስችላል።

«አልተባልኩም» የሚለው መልስ ግን እኔን ፈጽሞ አያሳምነኝም። አንቀጽ 1713 ተዋዋዮችን የሚያስረው በአፍ የተነገረው ብቻ ሳይሆን የሥራው ልማድ፣ ርትዕና ቅን ልቦና የሚያስከትሉትም ግዴታ ጭምር ነው ይላል። ለስላሳ ሊሾ ማጣበቂያ እንደማይዝ፣ መጫር፣ የላላው መነሣትና መታጠብ፣ ደረጃውም በውሃ ልክ መታየት እንዳለበት የሚያውቀው ባለሙያው እንጂ እርስዎ አይደሉም።

የአፈሩን ጉዳይ በተመለከተ፣ እባክዎ ወለሉን አሁን አያስፈርሱት፤ ማስረጃዎ ያለው ከሥሩ ነውና። ምስክሮችና ሌላ ባለሙያ ባሉበት በሳንቲም መትተው ባዶ ድምፅ ከሚሰጡት አንዱን ያስነሡ፣ ፎቶም ያንሡ። ሊሾው ደህና ሆኖ ማጣበቂያው አቧራ እንደያዘ ከላዩ ከለቀቀ ጥፋቱ የዝግጅት ነው። ስንጥቁ ሊሾውንም አልፎ ከወረደ ግን መሬቱ ተንቀሳቅሶ ሊሆን ስለሚችል ክርክርዎ ይከብዳል፤ ያኔ ባለሙያው ሊያስጠነቅቀኝ ይገባ ነበር ወደሚለው ነጥብ ማዘንበል ይኖርብዎታል። ሥራ ተቋራጩ ለሠራው ግንባታ ጥራትና ጥንካሬ ኃላፊ የሚሆንበት፣ በአንቀጽ 3039 የተደነገገው የ10 ዓመት ዋስትናም ሊጠቀስ ይችላል፤ ይሁን እንጂ ተከራካሪው «ይህ ግንባታ ሳይሆን ማንጠፍ ብቻ ነው» ብሎ ሊቃወም ስለሚችል ክርክርዎን በእርሱ ላይ ብቻ አይመሥርቱ።

ሌላ ሠራተኛ ከማስገባትዎ በፊት፣ በአንቀጽ 1772 እና ተከታዮቹ መሠረት፣ ጉድለቱን ዘርዝረው ተመጣጣኝ ቀን በመስጠት እንዲያስተካክል በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡት፤ መቀበሉንም በፊርማ ወይም በምስክር ያረጋግጡ። እምቢ ካለ የማስተካከያውን ወጪና የተበላሸውን ሴራሚክ ዋጋ መጠየቅ ይችላሉ፤ የክስ ማመልከቻዎ በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ በአፋን ኦሮሞ መዘጋጀት እንዳለበትም አይዘንጉ።