አድራሻ ያለቀበት ኢንተርኔት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ የግንባታ ዕቃ መሸጫ አለኝ። በቅርቡ የጥበቃ ካሜራ አስገጠምኩ። ሱቅ ውስጥ ሆኜ በስልኬ በደንብ ይታያል፤ ከከተማ ስወጣ ግን ምንም አይከፍትም። ቴክኒሻኑ «ራውተሩ ላይ ፖርት ከፍቻለሁ» ይላል። ተመላልሶ አይቶት ስላልሆነለት አሁን ራውተሩን ቀይር እያለኝ ነው። የራውተሩን ገጽ ፎቶ አንስቼ ልኬያለሁ። ልቀይረው?
ገ.ወ.፣ ከአዳማ

መልስ፦ አቶ ገ.ወ.፣ ራውተሩን አይቀይሩ፤ ገንዘብዎን ይያዙ። ቴክኒሻኑም አልዋሸዎትም፤ ፖርቱን፣ ማለትም ከውጭ ለሚመጣ ግንኙነት የሚከፈተውን ቁጥር ያለው መግቢያ፣ በትክክል ከፍቶታል። እንቅፋቱ ያለው ከእርስዎ ራውተር ወዲያ፣ ኢንተርኔት አቅራቢዎ ዘንድ ነው።

በላኩት ፎቶ ላይ «ዋን አይፒ» ከሚለው ጎን ያለው ቁጥር፣ ማለትም ራውተርዎ ከአቅራቢው የተቀበለው አድራሻ፣ በ100.72 ይጀምራል። ከ100.64 እስከ 100.127 ድረስ ያለው ክልል እ.ኤ.አ. በ2012 (እዚህ የምጠቅሳቸው ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለኢንተርኔት አቅራቢዎች የውስጥ መጋሪያ እንዲሆን የተለየ ነው። ከውጭ ተነስቶ ወደዚህ ቁጥር የሚያደርስ መንገድ በዓለም ላይ የለም። አቅራቢዎ አንዱን እውነተኛ የኢንተርኔት አድራሻ ለእርስዎና ለብዙ ሌሎች ደንበኞች አንድ ላይ ሰጥቶታል ማለት ነው።

አሠራሩ አንድ በር ያለው ትልቅ ግቢ ይመስላል። ዘበኛው ከየትኛው ቤት ማን ወጥቶ ወዴት እንደሄደ ስለሚመዘግብ፣ መልስ ይዞ የመጣውን ወደ ቤቱ ያደርሰዋል። ማንም ሳይልክበት የመጣ እንግዳ ግን የማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ከበር ይመለሳል። እርስዎ አዲስ አበባ ሆነው ካሜራውን ሲከፍቱ ስልክዎ ያ እንግዳ ነው። ቴክኒሻኑ የከፈተው የቤትዎን በር ነው፤ የግቢው በር በእጁ የለም።

እንዲህ ያለ መጋራት ውስጥ የገባነው አድራሻ ስላለቀ ነው። ዛሬም አብዛኛው ሰው የሚጠቀምበት አሮጌው የአድራሻ ሥርዓት፣ አይፒቪ4፣ በድምሩ 4,294,967,296 አድራሻ ብቻ አለው፤ የዓለም ሕዝብ ደግሞ ከ8 ቢሊዮን በላይ ነው። ቁጥሩ በ1970ዎቹ ሲወሰን ኢንተርኔት የጥቂት ዩኒቨርሲቲዎችና የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ሥራ ነበር። ያኔ ለጠየቀ ሁሉ በገፍ ይታደል ነበር። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ብቻውን 16,777,216 አድራሻ ተሰጠው፤ በ2017 ከዚያ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠረውን ሸጠ። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለበት አገር ነጋዴ ሱቁን ለማየት አንዲት አድራሻ አጥቶ ሲቸገር ይህን ማስታወስ ያስቆጨኛል። የዓለም አቀፉ የአድራሻ ቋት በፌብሩዋሪ 3 ቀን 2011 ተሟጠጠ፤ የቀሩት አምስት ትልልቅ ክፍሎች በዚያው ቀን አድራሻ ለሚያድሉት አምስቱ አህጉራዊ መዝገብ ቤቶች አንድ አንድ ተሰጡ።

ወደ ካሜራዎ ልመለስ። የካሜራዎቹን ምስል የሚይዘው መቅጃ ላይ «ፒቱፒ» ወይም «ክላውድ» የሚል ምርጫ ካለ ያስከፍቱትና በመተግበሪያው ኪውአር ኮዱን ያንሱ። ያኔ መቅጃው ራሱ ወደ ውጭ ስለሚደውል የግቢው ዘበኛ አይከለክለውም። ይህ በምስሉ መንገድ ላይ ሌላ ድርጅት ማስገባት መሆኑን ግን ይወቁት። ካልወደዱት ከአቅራቢዎ ቋሚ ፐብሊክ አይፒ፣ ማለትም የማይጋሩትና ከውጭ የሚደረስበት አድራሻ፣ ይጠይቁ፤ ወርሃዊ ክፍያ ይኖረዋል። ከሁሉ በፊት ግን፣ እባክዎ፣ ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል ይቀይሩ። በ2016 «ሚራይ» የተባለው ተንኮለኛ ሶፍትዌር በሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን የማረከው የይለፍ ቃላቸው ስላልተቀየረ ብቻ ነው፤ በእነርሱም ታላላቅ ድረ ገጾችን ለሰዓታት ከአገልግሎት ውጭ አድርጓል። ፐብሊክ አይፒ ካገኙም መቅጃውን በቀጥታ ለዓለም አይክፈቱት፤ ቴክኒሻኑ በቪፒኤን፣ ማለትም በተመሰጠረ የግል መስመር፣ እንዲያገናኝዎት ያድርጉ።

ሌሎች አንባቢያንም «ዋን አይፒ» ከሚለው ጎን በ10፣ በ192.168፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ባሉት ወይም ከላይ በጠቀስኩት ክልል የሚጀምር ቁጥር ካዩ፣ ፖርት በማስከፈት ገንዘብ አይጨርሱ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ባሕር ዳር የምኖር ተመራቂ ተማሪ ነኝ። በስልኬ ዳታ ስገባ ድረ ገጾች ሮቦት አለመሆኔን አረጋግጪ እያሉ የመንገድ መብራትና ብስክሌት ያስመርጡኛል። አሁን ደግሞ አንድ የውጭ አገር የስኮላርሺፕ ገጽ ከዚህ አድራሻ ብዙ ሙከራ ስለተደረገ ታግዷል አለኝ። እኔ የሞከርኩት አንድ ጊዜ ነው። ስልኬ ተጠልፎ ይሆን?
ሰ.አ.፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እኅቴ፣ የነገርሽኝ ምልክት የመጠለፍ አይመስልም፤ አድራሻ የመጋራት ነው። ገጹ ያየው አንቺን ሳይሆን አንቺ ያለሽበትን የጋራ አድራሻ ነው።

ስንት ሰው ሊጋራው እንደሚችል ላሳይሽ። አንድ አድራሻ 65,536 ፖርቶች አሉት። የመጀመሪያዎቹ 1,024 ለሌላ ሥራ የተያዙ ናቸው ብንል 64,512 ይቀራል። አቅራቢው ለአንድ ደንበኛ 1,000 ፖርት ቢመድብ 64 ሰው፣ 500 ቢመድብ 129 ሰው በአንድ አድራሻ ይወጣል። በተመሳሳይ ሰዓት የማይጠቀሙትን እያፈራረቀ ካስተናገደ ደግሞ ቁጥሩ ከዚህም ይበልጣል። ከእነዚህ ውስጥ አንዱ በስህተት አሥር ጊዜ ቢሞክር፣ ወይም የአንዱ ስልክ በቫይረስ ተይዞ ቆሻሻ መልእክት ቢረጭ፣ ቅጣቱ ለሁላችሁም ይደርሳል።

ነገሩ ከስኮላርሺፕ ገጽ ያለፈ ነው። የአውሮፓ ፖሊስ ትብብር ድርጅት ዩሮፖል በ2017 ወንጀለኛና ንጹሕ ሰው በአንድ አድራሻ ስለሚወጡ ምርመራ እየከበደ መሆኑን በይፋ አሳስቧል። የድረ ገጽ ባለቤቶች የመጣውን አድራሻ ብቻ ሳይሆን የፖርት ቁጥሩንና ትክክለኛውን ሰዓት ጭምር እንዲመዘግቡ ከ2011 ጀምሮ ምክር ተሰጥቷል። ድረ ገጽ የምታስተዳድሩ ሁሉ ይህን አድርጉ ብዬ እለምናለሁ። ፖርት ያልተመዘገበበት አድራሻ ይዞ «አጥፊው ይህ ነው» ማለት ያላጠፋን ሰው መክሰስ ሊሆን ይችላል።

ለአሁኑ የስልክሽን የአውሮፕላን ሁነታ ከፍተሽ ዝጊው፤ ሌላ የጋራ አድራሻ ሊደርስሽ ይችላል። ካልሆነ በዩኒቨርሲቲሽ ዋይፋይ ሞክሪ። ማመልከቻው ቀነ ገደብ ካለው ግን ዛሬውኑ ለስኮላርሺፑ ጽሕፈት ቤት ኢሜይል ላኪ፤ የታገድሽበትን ገጽ ፎቶ አያይዢ፤ አድራሻው የብዙ ሰው የጋራ መሆኑንም ጻፊላቸው። መብትሽ ነው፤ አታፍሪ።

ጥያቄ፦ በአንድ የግል ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነኝ። አንድ የውጭ ደላላ በኢሜይል 256 የአይፒ አድራሻዎች ልሽጥላችሁ፣ ግማሹን ቅድሚያ ክፈሉ ብሎናል። አስተዳደሩ ዕድሉ ሳያመልጠን እንግዛ ይላል። ምን ይመክሩናል?
የኮሌጅ ባልደረባ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ቅድሚያ አትክፈሉ። ገበያው እውነት ነው፤ በ2011 ማይክሮሶፍት ከከሰረው የካናዳ ቴሌኮም ኩባንያ ኖርቴል 666,624 አድራሻ በ7.5 ሚሊዮን ዶላር ገዝቷል፤ ከዚያ ወዲህም ዋጋው ብዙ እጥፍ ወጥቶ ያውቃል። አማዞንም ከየካቲት 2024 ጀምሮ ሰርቨር ለተከራዩት ደንበኞቹ ለእያንዳንዱ የአይፒቪ4 አድራሻ በሰዓት ግማሽ የአሜሪካ ሳንቲም ያስከፍላል። ውድ ዕቃ ባለበት ግን ሌባም አለ፤ የአፍሪካ አድራሻዎች ታሪክ ደግሞ በዚህ ቆስሏል።

የእኛ አህጉር መዝገብ ቤት አፍሪኒክ ነው፤ መቀመጫው ሞሪሸስ። ከ4 ሚሊዮን በላይ አድራሻዎች ያለ አግባብ ወደ ሌላ እጅ መዞራቸው በ2019 ይፋ ሆነ። ቀጥሎ ከአንድ አባሉ ጋር በገባበት ሙግት በ2021 የባንክ ሒሳቡ ታገደ፤ በ2023 ፍርድ ቤት አስተዳዳሪ ሾመበት፤ ሰኔ 2025 ላይ የተጀመረው የቦርድ ምርጫ ተሰርዞ በመስከረም እንደገና ተደረገ። ይህ ሁሉ የሆነው ለአፍሪካ የቀረችው ጥቂት አድራሻ ለማን ትድረስ በሚለው ጥያቄ ዙሪያ ነው። እኔ በዚህ ገለልተኛ አይደለሁም፤ ለአህጉሩ የተመደበው አድራሻ ለአህጉሩ ተጠቃሚ መዋል አለበት እላለሁ።

ስለዚህ ሻጩ የሚያሳያችሁን ውል ሳይሆን መዝገቡን እዩ። አድራሻዎቹ በማን ስም ናቸው? ዝውውሩን መዝገብ ቤቱ ራሱ ካላጸደቀው እጃችሁ ላይ የሚቀረው ወረቀት ነው። ከዚህ በፊት ቆሻሻ መልእክት ተረጭቶባቸውስ እንደሆነ? በጥቁር መዝገብ ውስጥ ያለ አድራሻ ከገዛችሁ የኮሌጁ ኢሜይል የትም አይደርስም። በደንብ አጣርታችሁም ቢሆን፣ ለአንድ ኮሌጅ 256 አድራሻ በእርግጥ ያስፈልጋል? ከኢንተርኔት አቅራቢያችሁ ለድረ ገጽ፣ ለኢሜይልና ለቪፒኤን የሚሆኑ ጥቂት አድራሻዎች ብትከራዩ ይበቃችኋል። የራሳችን ይኑረን ካላችሁ ደግሞ አፍሪኒክ ከጥር 2020 ጀምሮ በገባበት የመጨረሻ ምዕራፍ ለአንድ አመልካች ከ256 እስከ 1,024 አድራሻ ነው የሚሰጠው፤ ማስረጃችሁን አዘጋጅታችሁ በቀጥታ ማመልከት ትችላላችሁ፤ ደላላ አያስፈልግም።

ገንዘቡን ወደ አይፒቪ6፣ ወደ አዲሱ የአድራሻ ሥርዓት፣ አዙሩት። እዚያ አንድ ተቋም በተለምዶ የሚሰጠው ድርሻ ብቻ 65,536 ንዑስ ኔትወርክ አለው። እስካሁን የዘገየው ከአሮጌው ጋር በቀጥታ ስለማይነጋገር ነው፤ ለጊዜው ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ግድ ይላል። የሕንዱ የሞባይል ኩባንያ ጂዮ በ2016 ገበያ ሲገባ ከመነሻው በአይፒቪ6 ላይ ተደግፎ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ደንበኛ አስተናግዷል። አሮጌ አድራሻ ያልታደለ አገር ፊት ቀድሞ መሄድ እንደሚችል ይህ በቂ ምስክር ነው። በሚቀጥለው የኢንተርኔት ጨረታችሁ ሰነድ ላይ «አቅራቢው አይፒቪ6 ከአይፒቪ4 እኩል ያቀርባል፤ ራውተሮቹና ፋየርዎሎቹም ይደግፋሉ» የሚል ግዴታ አስገቡ። እኔ ባገዝኳቸው ተቋማት ያየሁት፣ ጥያቄው በጽሑፍ ካልቀረበ አቅራቢው «የሚፈልገው የለም» ብሎ ነገሩን እንደሚያሳድረው ነው።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ ስልክ ላይ የአይፒ አድራሻው በ26 ይጀምርና ፊደልና ሁለት ነጥብ የተቀላቀለበት ረጅም ነገር ነው። የእኔ ድሬዳዋ ላይ በ10 የሚጀምር አጭር ቁጥር ነው። የእኔ ስልክ ጥራቱ ያነሰ ነው?
መ.፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ ስልኩ አይደለም፤ ኔትወርኩ ነው። የወንድምዎ አይፒቪ6 ነው፤ በ26 የሚጀምሩት ለሰሜን አሜሪካ የተመደቡ ናቸው። የእርስዎ በ10 ስለሚጀምር የግቢ ውስጥ፣ የሚጋሩት ቁጥር ነው። ስልክዎ በቅርብ ዓመታት የተሠራ ከሆነ አይፒቪ6ን ያውቀዋል፤ አቅራቢዎ የሰጠ ዕለት እርስዎ ምንም ሳይነኩ ይሠራል። ወደ ደንበኞች አገልግሎት ሲደውሉ «አይፒቪ6 መቼ ትሰጡናላችሁ?» ብለው ጠይቀው ጥያቄው እንዲመዘገብልዎ ያድርጉ።