ሌሊቱን ኩፍ ብለው ስላደሩት የመታጠቢያ ኳሶች

እህቴ፣ ገንዳ ውሃ ውስጥ ሲገቡ እንዲፍለቀለቁ የሠራሻቸው የመታጠቢያ ኳሶች በቅርጽ ማውጫው ውስጥ እንደ ሊጥ ኩፍ ብለው፣ ጠዋት ተሰነጣጥቀው፣ ገንዳ ውስጥም ሳይፍለቀለቁ መቅረታቸውን ጽፈሻል። ጥፋቱ የጨመርሻቸው ሁለት ማንኪያ ውሃ ነው። ቤኪንግ ሶዳና ሲትሪክ አሲድ እርጥበት ሲያገኙ ወዲያው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃሉ፤ ለገንዳው የታሰበው አረፋ ሌሊቱን አለቀ ማለት ነው። አሲዱን በሎሚ ጭማቂ እተካለሁ ያልሽውንም ተዪው፤ አብዛኛው ውሃ ነው።

እኔ 2 ኩባያ ቤኪንግ ሶዳ፣ 1 ኩባያ ሲትሪክ አሲድና ግማሽ ኩባያ የበቆሎ ስታርች ነፍቼ እቀላቅልና 2 የሾርባ ማንኪያ የቀለጠ የኮኮናት ዘይት ጠብ እያደረግሁ በእጄ አሻለሁ። ከዚያ በመርጫ ጠርሙስ 91 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል (የማጽጃ አልኮል) ብቻ፣ ያውም በስሱ፣ ከእሳት ርቄ። ዱቄቱ ሽሽ ማለት ከጀመረ እጅሽን ሰብስቢ። ጨብጠሽ ስትለቂው እንደ እርጥብ አሸዋ ቅርጹን ከያዘ ደርሷል፤ ከተፈረፈረ አንዴ ርጪበት።

ማድረቂያው ደግሞ መታጠቢያ ቤት አይሁን! (እኔም የመጀመሪያዎቹን እዚያው አስቀምጬ ነው ያበላሸኋቸው።) ደረቅ ክፍል ውስጥ አንድ ቀን ይዋሉ፣ ከዚያ ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ውስጥ ክተቻቸው። የተሰነጠቁትን አትጣያቸው፤ አረፋቸው ቢሞትም ዘይቱ ለቆዳሽ ይሆናል። ስትወጪ ግን ገንዳው ያንሸራትታል።