ጥያቄና መልስ ከጋሼ ጋር፦ ቁጥር ይዛችሁ ኑ

አስተባባሪ፦ ሰላም ድሬ፣ ሰላም ሐረር። ይህ ጥያቄና መልስ ከዛሬ ዓርብ ማታ እስከ እሑድ ክፍት ነው። ከባድ ችግርን በአዲስ ቴክኖሎጂ ለመፍታት የምትለፉ ሁሉ ጠይቁ፤ ቢዝነስ የጀመራችሁ፣ የምህንድስና ተማሪዎች፣ ጋራዥ ያላችሁ። የሚመልስላችሁ ጋሼ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ፓምፕ፣ ሶላርና ማቀዝቀዣ ሲተክልና ሲጠግን የኖረ የድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ሰው ነው።

ጋሼ፦ እንደምን አመሻችሁ። አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቁጥር ይዛችሁ ኑ። ስንት ሊትር፣ ስንት ሜትር፣ ስንት ሰዓት። እኔ በግምት ብመልስ የሚባክነው የእናንተ ገንዘብ ነው።

የኤረር ልጅ፦ ጋሼ፣ አባቴ ኤረር በኩል ብርቱካንና ሽንኩርት አለው። ውሃ የምንስበው በናፍጣ ነው፤ ወጪው ገደለን። ለሶላር ፓምፕ ስንት ዋት ይበቃናል? አንድ ሻጭ 3000 ዋት ብሎናል።

ጋሼ፦ አላውቅም። ሻጩም አያውቅም፤ ጉድጓዳችሁን አላየም። አራት ነገር አምጣልኝ። ውሃው ሳይሳብ ከአፍ እስከ ውሃው ስንት ሜትር ነው? ሁለት ሰዓት ሙሉ ስትስቡት የት ድረስ ይወርዳል? ታንከሩ ከመሬት ስንት ሜትር ከፍ ብሏል? በቀን ስንት ሊትር ነው የሚያስፈልጋችሁ? ገመድ ላይ ድንጋይ አስረህ ጣልና ለካ። ሁለተኛውን እንዳትዘለው። ብዙ ፓምፕ የሚቃጠለው እሱ ሳይለካ ስለሚገዛ ነው። ውሃው ከፓምፑ በታች ይወርድና ሞተሩ በደረቁ ይዞራል።

ቀፊራ፦ ጋሼ፣ ትልልቆቹ መሐንዲሶች ከየት ነው የሚጀምሩት? እኛ ሐሳብ አናጣም። መነሻው ነው የሚጠፋን።

ጋሼ፦ ይህን ስለጠየቅክ ደስ ብሎኛል። አንድ ሰው ልንገርህ። ዊሊስ ካሪየር ይባላል፣ አሜሪካዊ ነው። ኤርኮንዲሽነር ሲባል ሰውን ለማቀዝቀዝ የተፈጠረ ይመስለናል። አልነበረም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1902 ብሩክሊን ውስጥ አንድ ማተሚያ ቤት ችግር ገጠመው። አየሩ እርጥበት ሲይዝ ወረቀቱ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሸበሸባል። ባለ ቀለም ኅትመት ደግሞ አንዱ ቀለም በሌላው ላይ እየተደረበ ነው የሚታተመው። ወረቀቱ ትንሽ ከተለጠጠ ቀለሙ ቦታውን ይስታል። ካሪየር ያን ጊዜ 25 ዓመቱ ነበር። ችግሩ ሙቀት ነው ብሎ ዝም ብሎ አየር አላቀዘቀዘም። ችግሩ እርጥበቱ መሆኑን ለየ። አየር ሲቀዘቅዝ ውሃውን እንደሚጥል ያውቃል፤ ስለዚህ አየሩን በቀዝቃዛ ቱቦ ላይ እያሳለፈ እርጥበቱን ልክ አስያዘው። ምቾቱ ኋላ የመጣ ነው።

መነሻው ይኸው ነው። ሰው «ሞቀኝ» ሲልህ እውነት የሚያስቸግረው ምን እንደሆነ በመሣሪያ ለካ። ቴክኖሎጂውን ከዚያ በኋላ ምረጥ።

ታይዋን_ሰፈር፦ በኤአይ የሚሠራ አፕ ልከፍት ነው። ምን ትመክረኛለህ?

ጋሼ፦ ለማን? የማንን ችግር ይፈታል? አልነገርከኝም። አፕ ደግሞ ሙያዬ አይደለም። የሚያውቅ ሰው ይመልስልህ።

እመ ሰሚራ፦ ወንድሜ፣ እኔ የግመል ወተት ከገጠር እያስመጣሁ ድሬ ላይ እሸጣለሁ። በቀን 40 ሊትር ይገባልኛል። መብራት ሲጠፋ ይበላሽብኛል። ኢንቨርተርና ባትሪ ግዢ አሉኝ። ይሻለኛል?

ጋሼ፦ እናቴ፣ ቁጥር ይዘው ስለመጡ አመሰግናለሁ። ባትሪውን አይግዙ። ለምን እንደሆነ ላስረዳዎት።

ወተቱ 35 ዲግሪ ሆኖ ይመጣል እንበል። 5 ዲግሪ ላይ ማድረስ ይፈልጋሉ። 40 ሊትሩን 30 ዲግሪ ለማውረድ ወደ 1.3 ኪሎዋት ሰዓት የሚሆን ሙቀት ማውጣት አለብዎት። አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ ብቻውን 93 ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይውጣል። ስለዚህ 14 ኪሎ በረዶ ይበቃል፤ ለሚባክነው ጨምረው 20 ኪሎ ይያዙ። 20 ኪሎ በረዶ ማለት ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ አሥር ጠርሙስ ነው። ዲፕ ፍሪዘርዎ መብራት ባለበት ሰዓት ያንን በረዶ ያድርግልዎት። ብርድን በባትሪ ከማስቀመጥ በበረዶ ማስቀመጥ ይረክሳል። በረዶ አያረጅም፣ የድሬ ሙቀትም ዕድሜውን አያሳጥረውም።

ይህን እኔ አልፈጠርኩትም። የክትባት ፍሪጅ የሚሠሩ መሐንዲሶች ናቸው ያስተማሩን። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት። ድሮ ገጠር ጤና ኬላ ላይ የሚተከለው የሶላር ፍሪጅ በባትሪ ነበር የሚሠራው። ባትሪው ሲሞት ፍሪጁም ይሞታል። እነሱ ባትሪውን አወጡት። ፀሐዩ በቀጥታ የፍሪጁን መጭመቂያ (ኮምፕረሰር) ያዞራል፤ ቀን በረዶ ይሠራል፤ ሌሊት በረዶው ክትባቱን ይጠብቃል።

አደራ፣ የወተቱን ዕቃ በረዶ በተሞላ ውሃ ውስጥ ይንከሩት እንጂ ውሃ በሌለው በረዶ ላይ አያስቀምጡት። ውሃው ነው ዕቃውን ዙሪያውን የሚነካው። በየአምስት ደቂቃው ያማስሉት። መሐሉ ሞቆ ከቀረ ይበላሻል።

እመ ሰሚራ፦ ፕላስቲክ ጀሪካን ነው ያለኝ። ይሆናል?

ጋሼ፦ ፕላስቲክ ብርድ በደንብ አያስተላልፍም፤ በጣም ይዘገያል። የአሉሚኒየም የወተት ዕቃ ይፈልጉ። ወጪ ካወጡ እሱ ላይ ያውጡ።

ሰላም_ድሬ፦ ለቤቴ ሶላር ልገዛ ነው፣ ስንት ዋት ይበቃኛል?

ጋሼ፦ ከላይ ያለውን አንብብ። ቁጥር።

ባጃጅ_ሹፌር፦ ጋሼ፣ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ልገዛ ነው። ባትሪው በዚህ ሙቀት ይችላል ወይ?

ጋሼ፦ የባትሪውን ዓይነት ጠይቅ። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከሆነ ሙቀትን በተሻለ ይችላል። ሊድ አሲድ ከሆነ ተጠንቀቅ፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። የትኛውም ቢሆን ከሥራ እንደገባህ ወዲያው አትሰካው። ጥላ ውስጥ ይቀዝቅዝ። በቀን ስንት ኪሎሜትር እንደምትነዳም ሳትጽፍ አትግዛ።

አወዳይ_ነኝ፦ ጫት በድሮን ብናመላልስ አያዋጣም? ሩዋንዳ ደም እያመላለሱ ነው።

ጋሼ፦ ሩዋንዳ ላይ ዚፕላይን የሚባለው የድሮን ኩባንያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ሲጀምር ደም ነው የጫነው። ደም ቀላል ነው፣ ቶሎ ይፈለጋል፣ በአንድ ከረጢት ሰው ይድናል። የዚያ ድሮን ጭነት 2 ኪሎ አይሞላም። ከአወዳይ የሚወጣው ጭነት በአይሱዙ ነው። አያዋጣም።

ጀጎል፦ ለሐረር ግን ቴክኖሎጂ ሳይሆን ፍትሕ ነው የሚያስፈልገው። ባቡሩ ሐረር መግባት ነበረበት። ድሬ የቀማን ባቡር ነው።

ከዚራ፦ አቦ፣ ጀመረ ደግሞ! ማን ቀማችሁ? ተራራው ነው የከለከለው።

ጀጎል፦ ውሃውም ከእናንተ በኩል ነው የሚመጣው። ሲቋረጥ ማን ይሰማናል?

ከዚራ፦ እኛስ ቧንቧችን መች ይመጣል? ሲመጣ ደግሞ ኖራ ነው።

ጋሼ፦ ቆዩ፣ ቆዩ። ጠብ አይደለም፣ ትልቅ የምህንድስና ታሪክ ነው የነካችሁት። መስመሩ ከጅቡቲ ሲነሳ ሐረር ሊገባ ታስቦ ነበር። ድሬዳዋ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር 1900 ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው። በዚያ ጊዜ ሎኮሞቲቭ ያንን ዳገት ማስወጣት ገንዘቡን ይጨርሰው ነበር። መሐንዲሶቹ ከተራራው ጋር አልታገሉም። ሐዲዱን በቆላው አሳለፉትና ጣቢያውን ከተራራው ሥር ተከሉ። ባቡሩ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1902 መጨረሻ ደረሰ። ከተማዋም በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ጀጎል ወንድሜ፣ ድሬ የተወለደችው በሐረር ስም ነው።

ውሃው ላይ ግን እውነትህን ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 700 ሜትር ከፍ ለማድረግ፣ ፓምፑ ምንም ባያባክን እንኳ ወደ 1.9 ኪሎዋት ሰዓት መብራት ይበላል። ሲባክን ደግሞ ወደ 3 ይጠጋል። በእያንዳንዱ በርሜል ላይ ያ ወጪ አለ። ስለዚህ ሐረር ላይ ቱቦ የሚያንጠባጥብበትን ቦታ ማግኘት አዲስ ጉድጓድ ከመቆፈር ይበልጣል። ቢዝነስ ፈላጊዎች፣ ይህን አንብቡ። በሌሊት የቱቦ ድምፅ አዳምጦ ፍሳሹን የሚያገኝ መሣሪያ በዓለም ላይ አለ። እዚህ ይዞት የሚሠራ ወጣት ያስፈልጋል።

ከዚራ፦ ኖራውስ? የሶላር ውሃ ማሞቂያዬ በአንድ ዓመት ደፈነ።

ጋሼ፦ የድሬ ውሃ ካልሲየም አለው። ሲሞቅ ድንጋይ ሆኖ ይቀመጣል፣ ማንቆርቆሪያህ ውስጥ እንደምታየው ነጭ ቅርፊት። ከ60 ዲግሪ በላይ አታሙቀው፤ ከዚያ በላይ በጣም ይፈጥናል። በየስድስት ወሩ በሎሚ አሲድ እጠበው።

ሦስት_ተማሪዎች፦ ጋሼ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ለመመረቂያ ፕሮጀክት ድሬን አቋርጦ የሚያልፈውን የደቻቱን ወንዝ ጎርፍ የሚያስጠነቅቅ ሴንሰር እየሠራን ነው። የውሃውን ከፍታ በድምፅ የሚለካ አልትራሳውንድ ገዝተናል። አስተያየት ስጡን።

ጋሼ፦ ልጆቼ፣ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት እዚሁ ነበርኩ። በማግስቱ ጠዋት ደቻቱ አሸዋ ውስጥ የስፌት መኪና አየሁ። መዘውሩ ብቻ ነው ከአሸዋው ላይ የወጣው። ከላዩ ላይ ክሩ ገና አልተበጠሰም። ከ200 በላይ ሰው ነው በዚያ ሌሊት ያለቀው። ዝናቡ የጣለው ደጋው ላይ ነው። ሰው ደረቅ ወንዝ ዳር ተኝቶ ነበር።

አሁን ወደ ሥራው። ጎርፍ በሴኮንድ 4 ሜትር ቢሮጥ በአንድ ሰዓት 14 ኪሎሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ሴንሰሩ ከተማ ውስጥ ከሆነ ጥቅም የለውም። 14 ኪሎሜትር ወደ ላይ ከተተከለ አንድ ሰዓት ይሰጣችኋል። አንድ ሰዓት እናት ልጆቿን ይዛ የምትወጣበት ጊዜ ነው።

አልትራሳውንድ ድምፅ ነው፤ የድምፅ ፍጥነት ከሙቀት ጋር ይለዋወጣል። አየሩ ከ20 ወደ 40 ዲግሪ ሲሄድ ንባባችሁ ከመቶ 3 ተኩል ገደማ ይሳሳታል። ከጎኑ የሙቀት መለኪያ አድርጉና አርሙት፤ አቅም ካላችሁ ሙቀት የማያሳስተው ራዳር ግዙ። ምሰሶ አሸዋው ላይ አትትከሉ፤ መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ነው። ድልድይ ወይም ዓለት ላይ እሰሩት።

ስልክ መስመር ላይ ብቻ አትደገፉ። ዝናቡ ሲመጣ መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክም አብሮ ይሄዳል። የራሳችሁን ሬድዮ ዘርጉ፤ ሎራ የሚባለው በትንሽ ኃይል ሩቅ የሚደርስ ሬድዮ ይሆናችኋል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህን ያዙልኝ። ሴንሰሩ በየሰዓቱ «አለሁ» የሚል ምልክት ይላክ። ምልክቱ ሲቀር ዝምታው ራሱ ማስጠንቀቂያ ይሁን።

አሸዋ_ሰፈር፦ ጋሼ፣ ሴንሰሩን ይሰርቁታል። ግንብ ነው የሚያዋጣው።

ኤሌክትሪሻኑ፦ ግንብ ውሃውን ወደ ሌላ ሰፈር ነው የሚገፋው። ሴንሰር በአሥረኛ ዋጋ ይሠራል።

አሸዋ_ሰፈር፦ ሴንሰር ውሃ ያቆማል እንዴ?

ኤሌክትሪሻኑ፦ ሰው ያስነሳል እኮ!

ጋሼ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ግንቡም ያስፈልጋል። ግን ተማሪ ግንብ አይሠራም። ስርቆቱን በተመለከተ፣ ሴንሰሩን የሚጠብቀው እዚያ ያለው ገበሬ ነው። ሄዳችሁ ቡና ጠጡ፤ ለምን እንደሆነ ንገሩት። ታች ደግሞ ሌሊት ማን ይነቃል? ደወሉ ቢሮ ውስጥ ቢጮህ ማን ይሰማል? መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ አላቸው፤ ሙአዚኑና ዲያቆኑ ከሁላችን ቀድመው ይነሳሉ። እነሱ ዘንድ ሂዱ። አንድ ሴንሰር ብቻውን ደወል እንዳያስጮህ፤ ሁለት ሴንሰር ወይም አንድ ሴንሰርና አንድ የዝናብ መለኪያ ይስማሙ። ሁለቴ በሐሰት የተቀሰቀሰ ሰው ሦስተኛውን አይነሳም።

ራዳሩን ስትመርጡ ጻፉልኝ። ድልድዩን አብረን ሄደን እናየዋለን። ገንዘብ አልጠይቃችሁም።

አዲስ_አባል፦ ሰላም፣ ለጉድጓድ ፓምፕ ስንት ዋት ይበቃል?

ጋሼ፦ ለሦስተኛ ጊዜ! ጥልቀት፣ ሲሳብ የሚወርድበት፣ ታንከር፣ ሊትር። ሳይለካ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም።

የኤረር ልጅ፦ ጋሼ፣ ለካሁ። ሳይሳብ 18 ሜትር። ሁለት ሰዓት ስበን 24 ሜትር ላይ ቆመ። ታንከሩ 4 ሜትር ነው። በቀን 20 ሺህ ሊትር እንፈልጋለን። ገመዱ ሁለቴ ተበጥሶብኛል።

ጋሼ፦ ይባርክህ! አሁን እንሥራው። 24 እና 4፣ 28 ነው። ለቱቦው ግጭት 2 ጨምር፤ 30 ሜትር። 20 ሜትር ኩብ በ30 ሜትር ከፍ ለማለት 1.6 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ፓምፑና ሞተሩ ከመቶ 40 ብቻ ነው የሚሠሩልህ እንበል፤ 4.1 ይሆናል። ድሬ ላይ ሙሉ ጉልበት ያለው ፀሐይ በቀን 5 ሰዓት ተኩል ብለን እንያዝ። ሲካፈል 750 ዋት አካባቢ ነው። ፓነል የሚፈተነው 25 ዲግሪ ላይ ነው፤ ኤረር ላይ ጀርባው 65 ይደርሳል፣ በየዲግሪው ከመቶ 0.35 ገደማ ይቀንሳል። አቧራውንም ጨምረህ ሩብ ያህሉን እንደሌለ ቁጠረው። ስለዚህ 1000 ዋት።

ሻጩ 3000 ነው ያለህ። ፓምፑን 27 ሜትር ላይ አውርደው፤ በደረቅ እንዳይዞር ውሃ የሚያውቅ ማጥፊያ ግጠምለት። አባትህን ሰላም በልልኝ፤ ሽንኩርቱ ሲደርስ አሳየኝ።